ልኩን አምጡ!

የብሎን ዳዶ አልፈታ ባለበት ቤት ሁሉ «ገለል በሉ!» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የጠፋበት ቤተሰብ ካለ በሩ ጠሟል፣ አልጋው ይጮኻል፣ ወንበሩ እንግዳ ይጥላል። የእኛው ገለል በሉ ባይ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ የመፍቻዎች ጠቅላይ አዛዥ፣ የፒንሳ ደመኛ፣ ክብርት አክስቴ።

ክብርትነታቸው ለዳዶ ያላቸውን አክብሮት ለሰው ቢያሳዩ ኖሮ ይኼኔ አምባሳደር ነበሩ። ሰውን በጨረፍታ ያያሉ፤ ዳዶ ለማየት ግን መነጽር ይለውጣሉ። ያቀበልናቸውን መፍቻ ሁሉ እየገፉ፣ «ይሄ ሰፊ ነው፣ ማዕዘኑን ይበላዋል። ልኩን አምጡ!» ይላሉ። የራሳቸው መፍቻዎች በፍላኔል ጨርቅ ተጠቅልለው ይተኛሉ፤ እኛ ልጆች ሳለን አንድ ብርድ ልብስ እንጓተት ነበር። ጎረቤት በመፍቻቸው ሚስማር ሲመታ አይተው፣ ሰውየው ሰፈር እስኪቀይር ድረስ ሰላምታ ነፍገውታል።

ከዚያ የእህቴ ሠርግ ደረሰ። አባቴ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሰው። «ልጄን ይዤ የምገባው ማንም ሳይገፋኝ ነው» ማለት ከጀመረ ሰነባብቷል። በሠርጉ ጠዋት አንዱ ጎማ ፈነዳ። መለወጫ ጎማ አለ፤ የድሮውን የያዘው ዳዶ ግን ዝጎ ከወንበሩ ጋር አንድ ሥጋ ሆኗል፤ ሙሽሮቹን ቀድሞ።

«ተሸክመን እናስገባሃለን፣ አባዬ» አለ ታላቅ ወንድሜ።

«እንደ ጆንያ? እዚሁ እቀራለሁ!»

ወንድሜ በፒንሳ ታገለው። ፒንሳው እየተንሸራተተ የዳዶውን ማዕዘን ሙልጭ አድርጎ ላጨው። አክስቴ ደርሰው ሲያዩት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ማነው ይሄን ያደረገው?»

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ። ቸኩለን እኮ ነው...»

«ጥርስህንም በዚሁ ነው የምትነቅለው? ልኩን አምጡ!»

ማዕዘን የሌለው ዳዶ ምን ልክ አለው? ዘይት አጠጡት፣ ጠበቁት፣ የቀድሞ ልኩን ሞከሩለት፤ መፍቻው ባዶውን ተሽከረከረ። ደጅ የሠርጉ መኪና ጡሩምባ ይነፋል። እኔም ምላሴን በላኝና፣ «ለዳዶው የጥሪ ካርድ ስላልሰጠነው ይሆናል» አልኩ። ማንም አልሳቀም። አክስቴ ወንድማቸውን፣ አባቴን፣ አዩት። አዲሱን ከረባቱን አስሮ ግድግዳ ያያል።

የፍላኔል ጨርቁን ፈቱና ዳዶ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋውን መፍቻ አወጡ፤ ከልኩ አንድ ቁጥር ያነሰውን። አልገባም።

«መዶሻ» አሉ።



«ይሰነጠቃል እኮ፣ አክስቴ» አልኩ።

«ምክር አይደለም፣ መዶሻ ነው ያልኩህ።»

መቱት። የፍላኔሉን ልዑል በመዶሻ! በየምቱ ፊታቸው ይኮማተራል፣ ክንዳቸው ግን አይመለስም። መፍቻው የተላጨውን ዳዶ ነክሶ እስኪይዝ ድረስ ቀጠቀጡት። ረጅም እጀታ ሰኩበት፣ በሠርግ ቀሚሳቸው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ፣ ቀስ ብለው ገፉ። ቀጭ አለ። መፍቻው ተሰንጥቋል። ዳዶውም ዞሯል።

 ጄኔራል ቢሆን ይሸለማል፤ እሳቸው ቀሚሳቸው ላይ የቀረውን ቅባት በምራቅ ያሻሉ።

«ጥሩ ዕቃ ነበር» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

«ይገዛል» አሉ። የተሰነጠቀውን ግን ጠቅልለው መልሰው አስተኙት።

አዳራሹ ውስጥ እህቴ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ፣ አባቴ በገዛ ክንዱ ጎማውን እያሽከረከረ ገባ። እንግዳው ሁሉ ሙሽራዋን እያየ እንባውን ይጠርጋል። እኔ አፌን ከፍቼ የማየው ያንን ጎማ ነው። አክስቴ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«አንተ፣ እሱ አይወልቅም» አሉ። «እህትህን እይ!»