የሚጣላው ያጣ ሮቦት

መጀመሪያ መሣሪያውን ሠርቶ ጠላቱን በኋላ የሚፈልግ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ እኖራለሁ። ስሙ ይበልጣል ነው፤ ተዋጊ ሮቦት ሠርቷል። ሮቦቱ ፊቱ ላይ ጥርስ የተበየደለት፣ ከበሮ የሚመስል ብረት አለው። ብረቱ በሞተር ሲሽከረከር ያገኘውን ሁሉ ወደ ሰማይ ይወረውራል። የእኔን የፕላስቲክ ወንበር ማንጎ ዛፍ ላይ ሰቅሎታል፤ እስካሁን አልወረደም።

«ግን ከማን ጋር ሊዋጋ ነው?» አልሁት።

«እሱ ይደረስበታል» አለኝ።

አልተደረሰበትም። ከባሕር ዳር እስከ ቁንዝላ የሚገጥመው ሌላ ሮቦት ጠፋ። ይበልጣል በሐሳብ ከሳ፣ ጠቆረ፤ በመጨረሻ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጠላቱንም ራሱ ሠራው!

እሑድ ግቢው በተመልካች ሞላ። ሁለቱ ሮቦቶች ተፋጠው የብረቱ ከበሮ ማጓራት ሲጀምር አከራያችን ጋሽ ቢያድግልኝ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ገቡ። ዕድሜ ልካቸውን የሰፈር ጠበኛ ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ምን አጣላቸው?» አሉ።

«ኧረ ምንም፣ ጋሼ» አለ ይበልጣል።

«ታዲያ በከንቱ ሲጋደሉ ቆማችሁ ታያላችሁ? በሕግ አምላክ!»

ጋቢያቸውን ገፈው በሁለቱ ሮቦቶች መሐል ጣሉት። ከበሮው ጋቢውን ጎትቶ ራሱ ላይ ጠቀለለ፤ ጥቂት ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ። ይበልጣል ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ጋሽ ቢያድግልኝ ግን ጎንበስ ብለው፣ በጋቢ የተጀቦነውን ተዋጊ በሐዘኔታ አዩት።

«ወይ ልጄን! ለካ በርዶት ኖሯል።»