ግራው ነው አይደል?

ሰው ቅር እንዳይለው ብሎ ጤነኛ ጉልበቱን የሚያስቀድድ ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እነሆኝ። ባለፈው ወር እዚህ አሜሪካ ቀኝ ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ልሆን ስገባ አንድ ወጣት ሐኪም «ግራው ነው አይደል?» አለኝ። ያን ያህል የተማረ ሰው እንዴት ተሳስተሃል ይባላል? «አዎ» አልኩት።

ደግነቱ ስንነጋገር የሰማች አንዲት አበሻ ነርስ እስክሪብቶ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ የሚያምዎት ላይ ራስዎ ምልክት ያድርጉ። ሲስተማችን ነው።»

ቀኙ ላይ አደረግሁ።

«ታዲያ ዶክተሩን ለምን አዎ አሉት?»

«ቅር እንዳይለው ብዬ ነዋ።»

«ሲስተሙ የተሠራው ለእርስዎ ነው» አለች እየሳቀች።

ድኜ ፌርፋክስ ከተማ ያለ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ገባሁና ሽሮ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ክትፎ አቀረበች።

«ክትፎ ነበር አይደል፣ ጋሼ?»

ቀኑ ዓርብ ነው፤ እኔ ጿሚ ነኝ። እስክሪብቶ የያዘች ነርስ በዓይኔ ፈለግሁ፤ የለችም።

«አዎ» አልኩ።