የእትዬ አስካለ «ተመስገን» እና የኩባንያው ማኅተም

እኛ ሰዎች «እንዴት ነህ?» ስንባል እውነቱን የምንናገርበት አፍ አልተፈጠረልንም። ቤታችን ተቃጥሎ ጭሱ ከኋላችን እየታየ እንኳ «ተመስገን፣ እናንተስ?» እንላለን። ጨዋነት ነው፣ አልክድም። ግን በዚህ ጨዋነታችን የሚነግድ ሲመጣ ምን ይባላል? እኔን ደሜን የሚያፈላው እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ኢንሹራንስህ ጥርስህን ለአንዱ፣ ዓይንህን ለሌላው ይሰጥና ጭንቀትህንና ድባቴህን ደግሞ ለሌላ ኩባንያ ያስረክባል። አማካሪ የሚያገናኝህ፣ «ይህን ያህል ጊዜ ታከም» ብሎ የሚፈቅድልህ ያ ኩባንያ ነው። ኩባንያውን ራሱን የሚቆጣጠሩ የውጭ መርማሪዎች ደግሞ አሉ፤ በየጥቂት ዓመቱ ሥራውን ፈትሸው «ብቁ ነው» የሚል ማኅተም ይሰጡታል። አክሬዲቴሽን ይሉታል። ሐሳቡስ ደግ ነበር። ከሚፈትሹት አንዱ የደንበኛው ቃል ነው፤ ደንበኞቹ ደግሞ እኛ ነን።

ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ቡርንስቪል ትኖራለች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ናታን ክፍሉን ዘግቶ ከተቀመጠ ወራት አልፈዋል። ትምህርቱን ተወ፣ ምግቡ በር ላይ ይቀዘቅዛል፣ እናቱም እንቅልፍ አጣች። ኩባንያው «ልጁን በእንግሊዝኛ፣ እናቱን በአማርኛ የሚያናግር አማካሪ አለን» ብሎ ስልክ ሰጣት። ደወልን። ጎማ ቤት ነው። ባለጎማው እግዜር ይስጠው፣ በትሕትና ነው ያናገረን። ለኩባንያው ስንነግር «እንደውልላችኋለን» አሉ።

እውነትም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወሉ። እኔም እዚያው ሳሎን ነበርኩ። እትዬ ቀጠሮው መጣልኝ ብላ ሻሿን ሳይቀር አስተካከለች፣ በስልክ እንደሚያዩዋት ሁሉ። ለካ መርማሪዎቹ ሊመጡ ስለሆነ የደንበኛ እርካታ ሊጠይቁ ኖሯል። የደወለው አማርኛ ተርጓሚያቸው ለስለስ ባለ ድምፅ «እናቴ፣ አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት?» አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው።»

«ልጅዎስ እንዴት ነው?»

«ተመስገን። አንተስ ልጄ፣ ደህና ነህ?»

ስልኩን ልነጥቃት ስነሣ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ሲጨርሱ ጮኽኩባት። «ምን ሆነሽ ነው የዋሸሽው?»

«ታዲያ እንጀራው ሆኖበት በሚደውል ልጅ ላይ ልጩኽበት?» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ደግሞስ ከአንተ ሌላ፣ ናታን እንዴት ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።»

ይሄኔ የናታን በር ተከፈተ። ጸጉሩ ተንጨባሯል። «ማሚ፣ አይም ናት ፋይን» አላት። እንዳልገባት ፈራ መሰለኝ፣ በአማርኛ ደገመው፦ «ደህና አይደለሁም እኮ።» በሩንም መልሶ ዘጋ።

እህቴ በደወሉበት ቁጥር መልሳ ደወለች። የተቀዳ ድምፅ ነው የመለሰላት፤ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን፣ ይህ ቁጥር ጥሪ አይቀበልም ይላል። ሰኞ ዕለት ዋናውን መስመር ይዤ አቤት አልኩ። የእህትህ የእርካታ መልስ አንዴ ተመዝግቧል፣ ቀጠሮ ሲገኝ እንደውላለን አሉኝ።

ማኅተሙን አገኙ። ሴንት ሉዊስ ፓርክ ያለው ሕንፃቸው ላይ ትልቅ ባነር ሰቅለዋል፤ ወደ ሥራ ድራይቭ ሳደርግ በየቀኑ አየዋለሁ፣ በየቀኑም እራገማለሁ። እዚያ ባነር ውስጥ የእህቴ ተመስገን አለበት። ናታን ግን እስካሁን ቀጠሮ የለውም።

እትዬ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለጠየቃት ሁሉ እውነቱን ልትናገር ምላለች። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት የምናውቃት ሴትዮ ጉንጯን እየሳመች «ልጅሽስ፣ ደህና ነው?» አለቻት። እህቴ ትንፋሿን ሰበሰበችና «ናታን ታሟል፤ ጭንቀት ይዞት ከክፍሉ አልወጣ ብሏል» አለች።

«ተመስገን፣ ተመስገን» አለች ሴትዮዋ፣ ሌላኛውን ጉንጯን እየሳመች።