ለፍሬን የተላኩ ሽማግሌዎች

እኛ ሽማግሌ የማንልክበት ጉዳይ የለም። ልጅ ለመዳር እንልካለን፤ ባልና ሚስት ለማስታረቅ እንልካለን። ቶሮንቶ ከገባን ወዲህ ደግሞ አንዱን ወዳጃችንን ከአፓርትመንቱ ያስወጣ አከራይ ዘንድ ሳይቀር ልከን እናውቃለን። አከራዩ ሽማግሌዎቹን ሻይ አጠጥቶ እስከ ሊፍቱ ሸኛቸው፤ ቤቱን ግን አልመለሰም። ይህን የምለው በወጋችን ለማላገጥ አይደለም፤ እኔም ሚስቴን ያገኘሁት በሽማግሌ ነው። ግን ለከባድ መኪና ፍሬን ሽማግሌ ሲላክ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔ አይቻለሁ። የተላኩትም እኔው ዘንድ ነው።

መካኒክ ነኝ። በዚያ በዘጠናዎቹ አጋማሽ ሬክስዴል ውስጥ ባለ አንድ ጋራዥ የከባድ መኪና ምርመራ እሠራ ነበር። አገር ቤት ቦሎ እንደምንለው ማለት ነው፤ መኪናው ካለፈ እፈርማለሁ፣ ካላለፈ አልፈርምም። የፍሬን ምርመራ በዚያን ጊዜ ትልቅ ጥበብ አልነበረም። ጋቢና ትወጣለህ፣ ግቢውን አንድ ዙር ትዞራለህ፣ ፔዳሉን ትረግጣለህ። ከቆመ ቆመ። ካልቆመ አጥሩ ያቆመዋል።

ከዚያ ደንቡ ተለወጠ። የከባድ መኪና ፍሬን በአየር ነው የሚሠራው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ከእያንዳንዱ ጎማ ጀርባ አንዲት የብረት ዘንግ ብቅ ትላለች፤ ፍሬኑን የምትገፋው እሷ ናት። ዘንጓ ከልክ በላይ ከወጣች ያ ጎማ አይዝም። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ እያንዳንዷ ዘንግ በማስመሪያ ትለካ፣ ልኳም ይጻፍ ተባለ። ከሁለት ኢንች ካለፈች መኪናው ወደቀ። ጋራዡ ለዚህ መዘጋጀቱን የሚያይ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ቀኑን ግን አንነግራችሁም ተባለ።

የጋራዡ ባለቤት ዳግ ይባላል፤ ደግ ሰው ነው፣ ፍርሃት ግን አለበት። ደብዳቤው ከደረሰው ጀምሮ ንጉሥ የሚጎበኘው መሰለው። ወለሉን ቢጫ ቀለም ቀባ፤ ስድስት አዳዲስ የብረት ማስመሪያ ገዛ፤ የሽንት ቤቱን ወረቀት ሳይቀር በለስላሳው ቀየረው። እኛንም አንድ ሙሉ ቀን አሠለጠነን። ዕድሜዬ አርባ ሊሞላ ሁለት ዓመት ሲቀረው በማስመሪያ መለካት እንደምችል የሚመሰክር ሰርቲፊኬት ተሰጠኝ። ሚስቴ ፍሪጁ ላይ፣ ከልጃችን የመዋዕለ ሕፃናት ሥዕል አጠገብ ለጠፈችው።

ሌሎቹ መካኒኮች አጉረመረሙ። እኔ ግን ማስመሪያውን ወደድኩት። ለምን አትሉም? ያገሬ ሰው ሁሉ መኪናውን ይዞ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበራ። አንዱ የሠርጌ ሚዜ፣ አንዱ የልጄ ክርስትና አባት፣ አንዱ አብሮኝ ሱዳን የተሰደደ። «ትንሽ ላላ ብሏል እንጂ ይይዛል፣ አይዞህ» ይሉኛል፤ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ ፔዳሉን ሁለት ጊዜ እረግጣለሁ። ማስመሪያው የማንም አበልጅ አይደለም።

ሐሙስ ዕለት ልምምድ እናድርግ ተባለና የሚለካ መኪና ጠፋ። እኔ ነኝ ጉዱን የጎተትኩት፤ ጋሽ ተሰማን ጠራኋቸው። ጋሽ ተሰማ ማለት ከአውሮፕላን የወረድኩ ጊዜ ፓርክዴል ባለችው ቤታቸው ሶፋ ላይ አንድ ክረምት ሙሉ ያስተኙኝ ሰው ናቸው። ካልሲ ሁለት መደረቡን ያስተማሩኝ፣ ዳግ ዘንድ ወስደው ያስቀጠሩኝም እሳቸው ናቸው። አገር ቤት የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ፤ እዚህ ጠጠር የምታመላልስ ገልባጭ አለቻቸው። መጡ፣ ለካን፣ ከስድስቱ ጎማዎች የሦስቱ ዘንግ ልኩን አልፎ ተገኘ። መኪናዋን ይተዉልኝ፣ ላስተካክላት አልኳቸው። የአሰብን ቁልቁለት በአንድ ማርሽና በሁለት ድንጋይ የወረደን ሰው በተማሪ ማስመሪያ ልትጥል ነው ወይ ብለው ሳቁብኝ። በልምምድ የወደቀ ተማሪ የለም አሉና ነድተው ሄዱ።

ችግሩ የመጣው በማግስቱ ነው። ቦሏቸው ሊያልቅ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ኤርፖርቱ አጠገብ አዲስ የጠጠር ሥራ ይጀምራሉ። መኪናዋ ጋራዥ ከቆመች ሥራውን ሌላ ሰው ይወስደዋል። ስለዚህ በአሮጌው ደንብ፣ ሰኞ ሳይመጣ፣ ግቢውን አንድ ዙር ዞረህ ፈርምልኝ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ሦስት ጊዜ ኮል አደረጉ፤ ሦስቴም እምቢ አልኩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስልኩን በዘጋሁ ቁጥር ያ ሶፋ ትዝ ይለኛል። ግን ዘንጓን በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ያየሁትን ማን ከዓይኔ ያውጣልኝ? ሰውዬው ያን ሁሉ ጠጠር ጭነው ቁልቁለት ወርደው ሰው ቢጨርሱ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። ሲቆርጥልኝም ቆረጠልኝ፤ እንኳን ጋሽ ተሰማ፣ ጳጳስ ቢመጣ አልፈርምም አልኩ።

ጳጳስ አልመጣም። ቅዳሜ ጠዋት ያቺው ገልባጭ ግቢ ገባችና ከጋቢናዋ ሦስት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ወረዱ። ጄን ኤንድ ፊንች ከሚባለው ሰፈር ድረስ ከጋሽ ተሰማ ጋር ተጣበው ነው የመጡት። ሦስቱም ጥቁር ካፖርትና ባርኔጣ አድርገዋል። መሪያቸው አርባ ዓመት ልብስ የሰፉት አቶ ደምሴ፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን የሚይዙባትን የቆዳ ቦርሳ አንጠልጥለዋል። ፊታቸው እንደ ፍርድ ቤት ኮስተር ብሏል፤ ለሽምግልና የሚኬድ ፊት እንዲያ ነው።

ዳግ ከየት እንደወረዱ አላየም፤ ካፖርታቸውን ብቻ በመስኮት አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ሦስት! ሦስት ተቆጣጣሪ ላኩብኝ ብሎ ሮጦ ወጣ። በሁለት እጁ ጨበጣቸው፣ በር ከፈተላቸው፣ ቢጫውን ወለል አስጎበኛቸው። እነሱም እንዲህ ያለ ሰው አክባሪ ፈረንጅ አላየንም ተባባሉና ባለ በሌለ እንግሊዝኛቸው «ቬሪ ጉድ» እያሉ ተከተሉት። ስህተቱን ላርም አልኩና ተውኩት። ሽማግሌ ስለተላከብኝ እልህ ይዞኝ ነበር። ጋሽ ተሰማም ነገሩ ወደሳቸው ያዘነበለ መስሏቸው ከኋላ ከኋላ ተከተሉ።

ዳግ እንግዶቹ አዲሱን አሠራር በዓይናቸው ይዩ አለና ግቢ የቆመችውን ገልባጭ እንድለካ አዘዘኝ። ጋሽ ተሰማ ፔዳሉን እንዲረግጡ ጋቢና ወጡ። ማስመሪያውን ዳግ በክብር ለአቶ ደምሴ አስረከበ፤ እኔ መብራት አበራለሁ፣ እሳቸው ያነባሉ። የመጀመሪያው ጎማ አንድ ተኩል። ሁለተኛው አንድ ከሦስት ሩብ። ሦስተኛው ላይ አቶ ደምሴ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ እንደገና ለኩ። ከኋላቸው የቆሙት ሽማግሌ የመጣንበትን አትርሳ፣ ሁለት በለውና እንሂድ ብለው ሹክ አሏቸው።

አቶ ደምሴ ጉልበታቸውን ይዘው ቀና አሉ። «ለእርቅ ስል ብዙ ዋሽቻለሁ» አሉ። «ኢንች ግን ዋሽቼ አላውቅም። ሁለት ተኩል ነው።»

ከዚያ ወደኔ ዞረው ይህ ምን ማለት ነው አሉኝ። ይህ ጎማ አይዝም ማለት ነው አልኳቸው።

«ዛሬ ስንመጣም?»

«ዛሬ ስትመጡም።»

«ያን ሁሉ ሃይዌይ?»

አዎ አልኩ። ሦስቱም አማተቡ። የቀሩትን ስንለካ ሁለት ሌሎች ወደቁ፤ ዳግ ሁሉንም ጻፈ፣ እንደገናም ጨበጣቸው። እውነተኛዋ ተቆጣጣሪ በሳምንቱ መጥታ፣ አምስት ደቂቃ ዞር ዞር ብላ፣ ሽንት ቤት ተጠቅማ ሄደች። ዳግ እስከ ዛሬ የፊተኞቹ ይበልጥ ጥብቅ ነበሩ ይላል።

አቶ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጋሽ ተሰማን ልጁ ልክ ነው አሏቸው። ሽምግልናው በዚሁ አለቀ። ጋሽ ተሰማ ደማቸው ፈላ፤ ለኔ ልትቆሙ መጥታችሁ ፈረዳችሁብኝ፣ በሉ ግቡ ላድርሳችሁ አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አናስቸግርህም፣ እግራችንን እናፍታታ ብለው በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ አቀኑ።

ጋሽ ተሰማ ጋቢና ገብተው ሞተር አስነሱ። እኔ ፊታቸው ቆምኩ። ያ ፍሬን እንደማይዝ በግቢው ውስጥ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ያም ሆኖ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ሶፋዎን አልረሳሁም» አልኳቸው። «አልፈርምም፤ ከዚህም አይወጡም።»

ሞተሩን አጠፉ፤ ከጋቢናዋ ግን አልወረዱም። ያኔ ዳግ ከቢሮ ጠራኝና ሄድኩ፤ ከስድስቱ ማስመሪያዎች አንዱ ጠፍቶበት ነበር። ስመለስ ጋቢናዋ ባዶ ነው፤ ቁልፉ መሣሪያ ሳጥኔ ላይ ተቀምጧል። በመስኮት ወደ ፌርማታው ብመለከት ሦስት የነበሩት ካፖርቶች አራት ሆነዋል።

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ማንም አልገባም። ለካስ ዳግ ከስድስቱ ማስመሪያዎች አንዱን ሲፈልግ የቆየው በከንቱ ነው፤ አቶ ደምሴ ያንኑ ማስመሪያ ይዘው የአውቶቡሱ ፊተኛ ጎማ ሥር ጎንበስ ብለዋል፣ ጋሽ ተሰማ ደግሞ ሹፌሩን ፔዳሉን ርገጥ እያሉት ነበር።