ሳፊ ድምፅ

ጊታር ለራሱ ጆሮ ብቻ የሚጫወት ሰው ምን ይባላል? እስካሁን አላወቅሁም። የሞያሌ ነጋዴዎች ግን እንዲህ ያለ ሰው መኖሩንም አያምኑም።

ለቤት የሚሆን ትንሽ የጊታር ማጉያ ፈልጌ፣ ባለሱቁን "ድምፁ ሳፊ ይሁን" አልኩት። በስዋሂሊኛ ንጹሕ፣ የማይሻክር ማለቴ ነበር። ለእሱ ሳፊ ማለት አሪፍ ነው፤ አሪፍ ደግሞ የሚጮኽ። ጊታር ሰክቶ እስከ መጨረሻው ከፈተው። ኦዳ መንደር ድረስ ግመል ሳይደነብር አልቀረም።

"ሳፊ ሳና፣ በጣም አሪፍ! እትዬ፣ ለሠርግ ነው ለቸርች?"

እንደ ወትሮው "ለወንድሜ ልጅ ነው" ልል ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ጊታር መማሬን ማን ይስማብኝ? ከዋሸሁ ግን ያንን ጯሂ ተሸክሜ ቤቴ መግባቴ ነው።

"ቀንሰው።"

"ከቀነስኩት ማን ይሰማዋል?"

"እኔ" አልኩት። "የምጫወተው እኔ ነኝ።"

ቀነሰና አንዷን ክር ነካ አደረጋት። ጥርት ብላ ተሰማች።