ጋሽ ብረቱ አይታመሙም

በየሰፈሩ፣ በየሥራ ቦታው፣ በየዘመዱ መሀል አንድ የማይታመም ሰው አለ። አገር ምድሩ ጉንፋን ይዞት ሲያስነጥስ እሱ "አቧራ ነው" ይላል። በር ጣቱን ጨፍልቆት ደሙ እየተንጠባጠበ "ቀለም ነው" ይላል። ሞቶ እንኳ ለቀባሪዎቹ "ትንሽ ጋደም ብዬ ነው" ሳይላቸው የሚቀር አይመስለኝም። እናንተም አንድ አታጡም። የእኔ ጋሽ ብረቱ ይባላሉ።

መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነው፣ እሱም ቢሆን አንዳንዱ አሁንም ይምታታብኛል። ግን ስለ ጋሽ ብረቱ የማያውቃቸው አሳምሮ ከሚጽፍ፣ እኔ የማውቃቸው ተሳስቼ ብጽፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ክቡር ጋሽ ብረቱ በቀን ልብስ ስፌት ቤት ጨርቅ ቆራጭ ናቸው። ቅዳሜና እሁድ አመሻሽ ላይ ደግሞ በአንድ ሆቴል ውስጥ የሚጫወተው የትንሹ ባንዳችን ጊታር ተጫዋች። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ በቀን እዚያው ስፌት ቤት ልብስ እተኩሳለሁ፣ ሲመሽ ድራም እመታለሁ። ድራም የመረጥኩበት ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ከሁሉም ኋላ ስለሚቀመጥ ነው። ከፊት አራት ሰው ይጋርደኛል።

ብረቱ የተባሉት ሰው ሲጨብጡ ነው። የሰውየውን እጅ ጭምቅ አድርገው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ "ብረት ነኝ!" ይላሉ። ሰውየው እጁን እያሻሸ ይሄዳል፣ ስሙም እንደዚያ ቀረ። ብረት ይዝጋል ብሎ የነገራቸው ግን አልነበረም።

ዝገቱ የጀመረው ጠዋት ጠዋት ነው። የግራ እጃቸው ጣቶች፣ እነዚያ የጊታሩን ክር የሚጫኑት፣ ከእንቅልፍ ሲነሱ አይታጠፉም፤ ታጥፈው ካደሩ ደግሞ አይዘረጉም። ስፌት ቤት ሲገቡ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ አይሄዱም፣ መጀመሪያ ወደ እኔ ይመጣሉ። አሁን ከካውያ ሥር የወጣ ሱሪ ላይ ግራ መዳፋቸውን ያሳርፋሉ።

"ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?"

"አተኳኮስህን እየመረመርኩ።"

ሱሪው ተመርምሮ አያልቅም። አንዴ ባለሱሪው ቆሞ ሲጠብቅ ቆይቶ ቆይቶ "ሱሪዬ ምን ሆነብኝ?" ቢላቸው፣ "ታገስ ወንድሜ፣ ጥራት ቁጥጥር ላይ ነው" አሉት። ሰውየው አመስግኖ ቁጭ አለ። ሱሪው ሲቀዘቅዝ ምርመራውም ያልቃል፣ እኔም ሌላ ሙቅ ሱሪ ወደ እሳቸው ገፋ አደርጋለሁ።

ልምምድ ላይ ደግሞ ጥፋተኛ አይጠፋም። ኮርድ፣ የጣቶቹን አቀማመጥ ማለቴ ነው፣ ሲስቱ ቅዝቃዜው ነው። ጣታቸው ሲዘገይ ክሩ ነው። ክሩ ተቀየረ፣ ወንበሩ ነው። ወንበሩ ተቀየረ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹን መቀየር ስላልተቻለ ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። ዘፋኟ ግን ምላሷ አያርፍም፣

"ጋሼ፣ እጅህን ያምሃል እንዴ?" ትላቸዋለች።

"እኔን? ብረት ነኝ እኮ!"

"ይሁን። ብረት ድስትም እጀታው ይላላል።"

አንድ ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለተኛው ዘፈን መሀል ላይ የጋሽ ብረቱ ቀለበት ጣት ታጠፈ፣ ታጥፎም ቀረ። ሌሎቹም አብረውት እምቢ አሉ። እሳቸው ምን አደረጉ? በያዙት ኮርድ ዘፈኑን ጨረሱታ! ዘፈኑ ሲወጣ እሳቸው እዚያው ናቸው፣ ሲወርድም እዚያው ናቸው። ዘፋኟ እየዘፈነች ዞራ በዓይኗ ልትገድላቸው ደረሰች። "አዲስ ስታይል ነው" አሏት በከንፈራቸው።

ይሄ ገና ምኑ ተይዞ። ዘፈኑ ሲያልቅ ጊታሩን በቀኝ እጃቸው ፈልቅቀው አወጡት፣ ግራ እጃቸው ግን አየር ላይ ብርጭቆ እንደያዘ ሰው ቆልመም ብሎ ቀረ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ደስተኛ ሰው "ለጤናችን ማለታቸው ነው!" ብሎ ተነስቶ ሙሉ ብርጭቆ በእጃቸው ላይ ሰካላቸው። ጋሽ ብረቱ መቼም እጄ ተቆልፎ ነው አይሉም። ጠጡት። ቤቱ አጨበጨበ። ከዚያ ደግሞ ብርጭቆው አልወጣ አለ። ሰውየው ባዶ መሆኑን አየና ሞላላቸው። ጠጥተው የማያውቁ ሰው በማግስቱ እሁድ ራስ ምታት ሲጨመርባቸው "ፀሐይ ነው" አሉ። ዝናብ እየዘነበ ነበር።

እሁድ ጨዋታውን በሦስት ጣት እንደምንም ገፉት። ሰኞ ባለቤታቸው መጡና "ና አንተ፣ እርዳኝ" አሉኝ። "እኔ ከፊት እጎትታለሁ፣ አንተ ከኋላ ግፋው።" እንደዚያ አድርገን ነው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ ያደረስናቸው። ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ ትሑት ናት።

"እስቲ አባቴ፣ እጅዎን ይስጡኝ።"

"እኔ እጅ አልሰጥም!"

"ለደቂቃ ነው፣ እመልስልዎታለሁ።"

ሚስትየው ክርናቸውን ይዘው ሰጧት። ጣታቸውን ከሥሩ ጫን አለችው።

"ያምዎታል?"

"በፍጹም።"

"እንባዎ ግን እየወረደ ነው።"

"ቤቱ አየር የለውም።"

ከዚያ ፎጣ ጠቅልላ ሰጠቻቸውና የጊታሩን አንገት እንደሚይዙት ያዙልኝ አለች። ያዙት። ፎጣው አሳዘነኝ፣ እውነቴን ነው።

"አባቴ፣ ይሄ ጊታር ነው ወይስ ሌባ?" አለች። "አያመልጥዎትም እኮ። ክሩ ድምፅ ለማውጣት የሚፈልገው ጉልበት ትንሽ ነው፣ የቀረውን ጣትዎ ነው በከንቱ የሚከፍለው።"

ከዚያ ሳትቆጣ በደንብ አስረዳቻቸው። ለአንድ ወር ያህል ጊታር የለም፣ መቀሱንም ሌላ ሰው ይያዘው። ጠዋት እጅን ለብ ባለ ውሃ ማፍታታት፣ ጣትን ቀስ እያሉ ማጠፍ መዘርጋት። ወደ ጊታሩ ሲመለሱ ስስ ክር፣ አጫጭር ልምምድ፣ መሀል መሀሉ ላይ እረፍት፣ የእጅ አንጓን ሳይቆለምሙ መያዝ። ሲያም ማቆም። "ሲያም እየገፉ ከቀጠሉ ግን" አለች፣ "ይሄ ጣት ታጥፎ ሊቀርብዎ ይችላል። ያኔ ጊታሩንም ይርሱት።"

ኮሪደር ላይ ስንወጣ ባለቤታቸው ቀጠሮ ሊያስይዙ ሄዱ። ጋሽ ብረቱ ግድግዳውን ተደግፈው ያን ጣታቸውን አዩት፣ አዩት።

"ስማ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ወንበር ባዶ አያድርም። እኔ አንድ ወር ከተነሳሁ ሌላ ይቀመጥበታል። ወጣቱ ሞልቷል፣ ጣቱ እንደ ዝንጀሮ የሚሮጥ። ከዚያ ማን ያስታውሰኛል? ለማንም እንዳትናገር። ቅዳሜ እንጫወታለን።"

ለመናገር ስዘጋጅ ነገሩ ያልፈኛል፣ ሁሌም እንደዚህ ነኝ። "እሺ ጋሼ" አልኩ።

ባለቤታቸው ግን እሺ አላሉም። ለዘፋኟ ደውለው ሁሉንም ነገሯት። ዘፋኟም ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ጋ ደወለች፤ "ዛሬ ጨዋታ የለም። አንተ ለሆቴሉ ቅርብ ነህ፣ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፍ" አለችኝ። ሰው ባገኝ አስጽፍ ነበር፣ አጣሁ። ካርቶን ላይ በትልቁ፣ በቀይ ቀለም፣ ላቤ ጠብ እስኪል ተጠንቅቄ ጻፍኩ፣ ለጠፍኩ፣ ጥግ ይዤ ቆምኩ።

ትንሽ ቆይቶ ሰው ተሰበሰበ። ሳቅ ሰማሁ። ጠጋ ስል የሆቴሉ ዘበኛ ጮክ ብሎ እያነበበ ነው፣

"ጊታር ተጫዋቻችን ስለታመኑ ዛሬ ሙዚቃ የለም።"

ስለታመሙ ነበር ልል የፈለግሁት። ሙ ያልኩት ኑ ሆኖ ወጣ። አንድ ፊደል!

"ታመኑ? ለማን?" አለ አንዱ።

"ለሚስታቸው ነዋ! ለማን ይሆናል?" አለች ከወጥ ቤት የወጣች ሴትዮ።

"እስከዛሬ አይታመኑም ነበር ማለት ነው?"

"አላልኳችሁም? ያ ሰውዬ ፀጉሩን ሲያበጥር እኮ ያስታውቃል!"

"እና አሁን ታማኝ ከሆኑ ለምን ሙዚቃ ይቀራል?"

"ሚስታቸው ቤት ቆልፈውባቸው ነዋ፣ ታማኝነት በቁልፍ ነው!"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ። ካርቶኑን ልገነጥል ስንቀሳቀስ ሰዉ መንገድ ከፈተ፤ ለእኔ አይደለም። ጋሽ ብረቱ ጊታራቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው መጡ። ሊጫወቱ።

"ጋሼ፣ እውነት ታመኑ?" አላቸው ዘበኛው።

"እኔ? ማን ነው ያለው? ብረት ነ…" ካርቶኑን አዩት። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ሰዉን ሁሉ ዘለው እኔን አዩኝ፣ እጄ ላይ ቀዩ ቀለም አለ።

"አንተ ነህ?"

"ሙ… ሙ ነበር ጋሼ። ታመሙ ለማለት… አሁን እገነጥለዋለሁ።"

"አትንካው" አሉ።

ጊታራቸውን ከጀርባቸው ሊያወርዱ ማንገቻውን ያዙት፣ ጣታቸው አልፈታ አለ። ታገሉት። ሰው ሁሉ እያየ ነው። ሳቁ ቆመ። ሄጄ ፈታሁላቸው። ያኔ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ላላ፣ ከማንገቻው ጋር አብሬ የፈታሁት መሰለኝ።

"ልጁ ትክክል ነው የጻፈው" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ታምሜያለሁ። ዛሬ ደግሞ አመንኩ። ሁለቱንም በአንድ ቃል ጻፈው። ጠዋት ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ ባለቤቴ ናት። ያልተናገርኩት ሌላ ሰው ታመጣላችሁ ብዬ ነው።"

ዘፋኟ ይሄኔ ደርሳ ከኋላ ሰምታ ኖሯል። "ማንን ነው የምናመጣው?" አለች እየተቆጣች። "አንተ የምታበሽቀኝን ያህል የሚያበሽቀኝ ከየት ይገኛል? ሂድ ተኛ! ወንበርህ ላይ ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ።"

እንግዲህ ጋሽ ብረቱ አረፉ። አረፉ ማለት እንኳ ይከብዳል። የማይታመም ሰው መታመሙን ሲያምን ወዲያው ሐኪም ይሆናል። አሁን በየመንገዱ የሰው እጅ ይይዛሉ፣ ግን አይጨምቁም። "ጠዋት እጅህን ታፍታታለህ?" ሥጋ ሻጩን ይዘው አስተምረውታል። ለዘበኛው ዱላ አያያዙን አስተካክለውለታል፤ "ሌባ ሳይመጣ ምን አስጨነቀህ? ላላ አድርገው" ብለውት። እኔንም ካውያ አያያዝ ያርሙኛል። ሱሪ ግን አይመረምሩም፤ ፊት ለፊት መጥተው "አንተ፣ እጄን ላሙቅ" ይላሉ።

ለወሩ ከሌላ ባንድ አንድ ጊታር ተጫዋች ተበደርን። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አላማውም። ኮርድ አይስትም፣ ሰበብ የለውም፣ በሰዓቱ ይመጣል በሰዓቱ ይሄዳል። በመጀመሪያው ምሽት ዘፈኑ ሲጀመር እሱ ልክ በቦታው ገባ። እኔ ዘገየሁ። ሁለተኛውም ዘፈን ላይ እሱ ገባ፣ እኔ ዘገየሁ። ዘፋኟ ዞረች፣

"ምን ሆነሃል ዛሬ?"

"ምንም" አልኳት።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው ነው የገባኝ። ጋሽ ብረቱ ከመግባታቸው በፊት ትንፋሽ ይስባሉ፣ ቅንድባቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ትንሽ፣ ከፀጉር የማይበልጥ፣ ዘግይተው ይገባሉ። ስንት ዓመት አብረን ስንጫወት የምጠብቀው እሱን ነበር ለካ። ድራም መቺ ጊዜ ይጠብቃል ይላሉ። እኔ የምጠብቀው ጊዜ አልነበረም፣ አንድ ሽማግሌ ነበር። ለጎበዙ ልጅ ይሄን ማስረዳት አልቻልኩም። ወሩን ሙሉ ሰው የመታኝ እስኪመስል እየደነገጥኩ ገባሁ።

በተመለሱ ምሽት ወጥ ቤቱን አስጨንቀው ለብ ያለ ውሃ በሳህን አስመጡ፣ ጣቶቻቸውን ነከሩ፣ አደረቁ። ስስ ክር አስገብተዋል። ሦስት ዘፈን ብቻ ተጫውተው እንደሚያርፉ፣ ሲያማቸው እንደሚናገሩ ለባለቤታቸው ምለዋል፤ ባለቤታቸውም ለማረጋገጥ ከፊት ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ዘፋኟ ቦርሳዋን ከወንበሩ አነሳች። ተቀመጡ። የጊታሩን አንገት የተኛ ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው ያዙት።

እኔ ዱላዬን አነሳሁ። ዘፋኟ አፏን ከፈተች። ጋሽ ብረቱ ትንፋሽ ሳቡ፣ ቅንድባቸው ከፍ አለ።

ዘፋኟ ዞራ በዓይኗ ሁለታችንንም አንድ ላይ ገላመጠችን፤ አብረን ዘግይተን ነበር።