ቀትር ላይ ባሮን መሻገር

ቀትርን የሚፈራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጨለማን መፍራት ቀላል ነው፤ ማንም ይፈራዋል። እኛ መቱ ያደግን ሰዎች ግን የምንፈራው ስድስት ሰዓትን ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ጥላ እግር ሥር ገብቶ፣ ውሻ እንኳ ዝም የሚልበትን፣ ወንዝ ዳር ማንም የማይታይበትን ሰዓት። እናቶቻችን "ሰዓቱ የኛ አይደለም" ይሉን ነበር። የማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም።

ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። መሳቅ ያስተማረኝ ሙሴ ያኒ ነው።

ሙሴ ያኒ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከያዮ የሚወርደውን ቡና ጋምቤላ ላይ ተቀብሎ በመርከብ የሚጭን ግሪክ ነበር፤ እኔ ጸሐፊው። ኢሉባቦር ብዙ ዘመን ከመኖሩ የተነሳ ሐዘን ቤት አቀማመጡ ከኛ ይበልጥ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልተወውም፤ የተወለደበት ባሕር። ናፍቆቱ ሲጠናበት ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን አድርጎ በአግዳሚ እንጨት አያያዘ፣ መሐል ላይ ምሰሶ ተከለና ለአንድ ሰው የሚሆን የነፋስ ጀልባ ሠራ። ሁለት ታንኳ ለአንድ ሰው! እኛ አንዱንም ለስምንት እንጋፋበታለን።

እኔንም በግድ አስተማረኝ። ከፊት የሚወጠር ሆደ ሰፊ ሸራ አለ። ገመዱን ታላላለህ፤ የሸራው ጠርዝ ሊታጠፍ ሲል ጥቂት ትስባለህ፤ እንደገና ታላላለህ። "ዓይንህን ከጠርዙ አትንቀል!" ይላል ሙሴ ያኒ። ነፋሱ አንዱን ታንኳ ከውኃ ሲያነሳው ደግሞ፣ ወገብህ ላይ የታጠቅከውን፣ ከበቅሎ መጫኛ የተሠራ ቀበቶ ከምሰሶው ጫፍ በሚወርደው ገመድ ላይ ታንጠለጥልና፣ እግርህን የታንኳው ጠርዝ ላይ አስረግጠህ፣ መላ ሰውነትህን ከውኃው በላይ ወደ ውጭ ታንጋልላለህ። ነፋሱ ከበረታ ወደ ኋላ ፈቀቅ ማለት ነው፤ አለዚያ የታንኳዎቹ አፍንጫ ይጠልቅና ትገለበጣለህ። የደህና ሰው ልጅ አየር ላይ ተንጋሎ ሲሄድ እናቴ ብታይ ኖሮ ጠበል ትወስደኝ ነበር።

በአንድ ሐምሌ ሙሴ ያኒ ወባ ጠናበት። የተኛው ከወንዙ ማዶ ካለው መጋዘኑ፣ ኪኒኑ ያለው እኔ እጅ፣ ከወዲህ። የሐኪም ቤቱ ድሬሰር "ዛሬውኑ ካልዋጠ አይተርፍም" አለኝ። ቀዛፊዎቹ ወንዙ ሞልቷል፣ ማታ ጋብ ሲል እናያለን አሉ። ጥንዱ ታንኳ እኔ ዳር ታስሮ ነበር። ነፋስ ግን ባሮ ላይ የሚነሳው ቀትር ላይ ነው።

ገባሁ። ኪኒኑን ደረቴ ላይ አሰርኩ።

መሐል ስደርስ ሸራው ሆዱን ነፍቶ ማዶውን ጋረደብኝ። ተንጋልዬ፣ ዓይኔን ከጠርዙ ሳልነቅል፣ ላላ፣ ሳብ፣ ላላ። ውኃው ከታንኳው ሥር መንሾካሾኩን እንኳ ተወ። ያኔ ነው የሰማሁት።

"ደምሴ!"

የሙሴ ያኒ ድምፅ። ከየት እንደመጣ አልለየሁትም፤ ውኃ ላይ ድምፅ አቅጣጫ የለውም። ሙሴ ያኒ ደግሞ ከአልጋ መነሳት አይችልም። እኛ አገር የማታየው ሰው በስምህ ቢጠራህ እስከ ሦስተኛው ድረስ አቤት አትልም፤ ያኛው፣ ሰው ያልሆነው ጠሪ፣ ሦስተኛ አይደግምም። ይህን ለሙሴ ያኒ የነገርኩት እኔው ነኝ፣ እየሳቅኩ።

"ደምሴ!"

ጥርሴን ነከስኩ። ሦስተኛው አልመጣም። አላልኳችሁም?

ማዶ ስደርስ የመጋዘኑ ዘበኛ ኦቦ ኤጄታ በሩ ላይ ቆሟል። ሲያየኝ ወደ ኋላ ሸሸ።

"ያ ዋቃዮ! ደምሴ ነህ?"

"ታዲያ ማን ልሁን፣ ኦቦ?"

"ሙሴ ሸራውን ሲያይ ደስ ብሎት ተነሳ እኮ! እኔን ተደግፎ ሁለት ጊዜ ጠራህ። ምነው ዝም አልከው?"

ገፍቼው ገባሁ። ሙሴ ያኒ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ኪኒኑን ሳቀርብለት ቀስ ብሎ አየኝና ለኦቦ ኤጄታ ተናገረ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል።

"ደምሴ ቢሆን አቤት ይል ነበር። በቀትር፣ በአየር ላይ ተንጋሎ የመጣው ደምሴ አይደለም።"

"አቤት!" አልኩ። "አቤት፣ ሙሴ ያኒ! እኔ ነኝ!" ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ለመንኩት፣ ኦቦ ኤጄታም እግሩ ላይ ወደቀ። ሰውየው ከንፈሩን ገጥሞ አንድ ፍሬ ሳይቀበለኝ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ። አለቀስኩ፤ የኛን ነገር ያን ያህል እንዲያምን ማን አስተማረው?

አሁን መቱ ቢሮ ውስጥ ስሜን የጠራ ሁሉ ገና ሳይጨርሰው "አቤት" እለዋለሁ። ባልደረቦቼ ትሕትና ይመስላቸዋል፤ ይምሰላቸው። ግን አንዳንድ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ምሳ ወጥቶ ብቻዬን ስቀር፣ ያን ቀን ወንዙን የተሻገረው በእርግጥ እኔ እንደሆንኩ እርግጠኛ አልሆንም። ያኔ ማንም ሳይጠራኝ "አቤት" እላለሁ።